ያልገጠመው ንባብ፦ ስብከትን ከግጻዌ ስለ ማዘጋጀት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ያስቀደሰ ሰው፣ ልብ ቢልም ባይልም፣ የሰባኪው ድምፅ ከመሰማቱ በፊት አምስት ጊዜ ቅዱስ መጽሐፍ ሲነበብለት ቆይቷል። ዲያቆኑ ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት ያነብባል፤ ንፍቁ ዲያቆን ከጴጥሮስ፣ ከዮሐንስ፣ ከያዕቆብ ወይም ከይሁዳ ይከተላል፤ ንፍቁ ካህን የሐዋርያትን ሥራ ያሰማል፤ ከዚያ ምስባኩ ከዳዊት መዝሙር በዜማ ይወርዳል፤ በመጨረሻም ወንጌሉ ይነበባል። በየትኛው ቀን የትኛው ክፍል እንደሚነበብ፣ በየትኛውም ቅዳሴ እንደሚቀደስ የሚያዝዘው መጽሐፈ ግጻዌ ነው። ቅዳሴው ሲያበቃ ግን ሰባኬ ወንጌሉ ዐውደ ምሕረት ላይ ይወጣና፣ ከአምስቱ ንባባት አንዱንም ሳይነካ ሌላ ርእስ ይጀምራል። ርእሱ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ስለ ንስሐ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ አሥራት። ሕዝቡም አሜን ይላል። የተነበበው ግን ሳይፈታ፣ ሳይተረጎም፣ እንደ ሰላምታ ታልፎ ይቀራል።

የንግግሬ ሐሳብ አንድ ነው። ግጻዌ ብዙዎቻችን እንደምናየው የተራ ማስያዣ ሰንጠረዥ ከመሆኑ በላይ ራሱ ትርጓሜ ነው። አምስት ክፍሎችን ጎን ለጎን ያስቀመጠው እጅ ከሰባኪው በፊት መስበክ ጀምሯል። እንግዲህ የሚዘጋጅ ሰባኪ «ዛሬ ምን ልናገር?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «እነዚህ አምስቱ ለምን አብረው ተቀመጡ?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ከዚህም አንድ እርምጃ አልፌ እሄዳለሁ፤ ከአምስቱ መካከል ከሌሎቹ ጋር የማይገጥም የሚመስል አንድ ንባብ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ ዝግጅት መጀመር ያለበት ከዚያ ነው። የሚገጥሙት ንባባት የምናውቀውን ያስታውሱናል። ያልገጠመው ግን ያስጠይቀናል፤ ስብከትም ከጥያቄ ሲወለድ ነው አድማጭን የሚይዘው።

ንባብና ስብከት አንድ ላይ መታሰራቸው የቆየ ነገር ነው። በ2ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ስለ ክርስቲያኖች ለሮም ንጉሠ ነገሥት በጻፈው መከላከያ የእሑዱን ጉባኤ ሲገልጽ፣ በመጀመሪያ የሐዋርያት መታሰቢያ ወይም የነቢያት መጻሕፍት ጊዜው እስከፈቀደ ድረስ እንደሚነበቡ፣ ከዚያ መሪው ተነሥቶ ሕዝቡ የሰማውን በሥራ እንዲያውል እንደሚመክር ይናገራል። ምክሩ የሚነሣው ከተነበበው ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኢየሩሳሌምን የተሳለመችው ኤጌሪያ ደግሞ በጉዞ ማስታወሻዋ ደጋግማ የምታደንቀው አንድ ነገር አለ፤ በዚያ የሚነበበውና የሚዘመረው ሁሉ ለዕለቱና ለቦታው የተስማማ መሆኑን። እኛ ዘንድ ይህ መስማማት የቅዱስ ያሬድ እጅ አለበት። የዐቢይ ጾም ሰንበታት ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስና ሆሣዕና የተባሉት በጾመ ድጓው መዝሙር ነው። ስለዚህ በዋዜማ የሚቆመው ደብተራ፣ በቅዳሴ የሚያነብበው ዲያቆን፣ ከቅዳሴ በኋላ የሚናገረው ሰባኪ ሦስቱም ስለ አንድ ነገር መናገር የሚችሉበት መንገድ ተሠርቶ ተሰጥቶናል። ሁለቱ ይሄዱበታል፤ ብዙ ጊዜ ከመንገዱ የሚወጣው ሦስተኛው ነው።

ነገሩን በአንድ ሰንበት ላይ ጠጋ ብለን እንየው። የጾሙ አራተኛ እሑድ መጻጉዕ ነው። ወንጌሉ ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ነው፤ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረው ሰው ተፈውሶ አልጋውን ተሸክሞ ሄደ። የሐዋርያት ሥራው ከምዕራፍ 3 ነው፤ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ሽባ የነበረው ሰው መልካም በምትባለው የመቅደስ ደጅ በጴጥሮስና በዮሐንስ ተፈወሰ። ከያዕቆብ መልእክት የሚነበበው በምዕራፍ 5 የታመመ ሰው ቀሳውስትን ይጥራ የሚለው ክፍል ነው። ምስባኩ ከመዝሙር 40 ተወስዶ እግዚአብሔር በሽተኛውን በደዌ አልጋው ላይ እንደሚረዳው ይዘምራል። አራቱ እንደ አንድ ሰው ይናገራሉ፤ ደዌና ፈውስ። ከቅዱስ ጳውሎስ ግን ገላትያ ምዕራፍ 5 ይነበባል። እዚያ በሽተኛ የለም፤ አልጋ የለም፤ ዘይት የለም። ያለው የነጻነት ነገር ነው፤ ክርስቶስ ነጻ ያወጣቸው ሰዎች ዳግመኛ በባርነት ቀንበር እንዳይያዙ፣ ነጻነታቸውንም ለሥጋ ምክንያት እንዳያደርጉት፣ የሥጋ ሥራና የመንፈስ ፍሬ ምን ምን እንደሆነ።

ችኩል ሰባኪ እዚህ ላይ ገላትያን ትቶ አራቱን ይይዛል፤ ስለ ደዌ ሥጋና ስለ ደዌ ነፍስ ተናግሮ ይወርዳል። ገላትያን የያዘ ሰባኪ ግን ወደ ወንጌሉ ሲመለስ ቀድሞ ያላየውን ያያል። ዮሐንስ 5 በፈውሱ አያበቃም። ቀኑ ሰንበት ነው፤ ሰውየው አልጋውን ተሸክሞ በመታየቱ ይከሰሳል፤ 38 ዓመት ተኝቶ ሳለ ማንም ያልጠየቀው ሰው በተነሣባት ቀን ሕግ ይጠቀስበታል። ገላትያ የሚናገርለት ቀንበር ይኸው ነው። ቀጥሎ ጌታ ሰውየውን በመቅደስ አግኝቶ ከዚህ የባሰ እንዳያገኘው ዳግመኛ እንዳይበድል ያስጠነቅቀዋል፤ ነጻነትን ለሥጋ ምክንያት አታድርጉ የሚለው የገላትያ ቃል ሌላው ገጽታ ይህ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ደግሞ ይህ ሰው በኋላ በሐና ፊት ጌታን በጥፊ የመታው ነው ይባላል። ብዙ ሰባክያን ይህን ትውፊት የሰውን ውለታ ቢስነት ለማሳየት ብቻ ይጠቅሱታል። ከገላትያ ጋር ሲነበብ ግን ጥፊው ሌላ ትርጉም ያገኛል፤ 38 ዓመት ያልተዘረጋች እጅ ስትፈታ ምን ላይ ዋለች? የሰንበቱ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ከሕሙማን አልፎ በሁለት እግሩ ቆሞ ያስቀደሰውን ሁሉ ይነካል፤ ጤና ሰጥቶሃል፤ ምን አደረግህበት? ይህን ጥያቄ ያመጣው ያልገጠመው ንባብ ነው።

ሌላው የምወደው ምሳሌ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመጣል፤ የኒቆዲሞስ ሰንበት። ከፈሪሳውያን ወገን የአይሁድ አለቃ፣ የእስራኤል መምህር የነበረው ሰው በሌሊት ወደ ጌታ ይመጣል። ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 የሚነበበው የገማልያል ነገር ነው፤ እርሱም ፈሪሳዊ፣ እርሱም የሕግ መምህር፣ እርሱም በሸንጎ መካከል ለሐዋርያት ግማሽ መንገድ የሄደ። ሁለቱን ሊቃውንት አጠገብ ለአጠገብ ማቆሙ ራሱ ለአንድ ስብከት ይበቃል፤ አንዱ በጨለማ መጥቶ ጠየቀ፣ ሌላው በአደባባይ ተናግሮ ዝም አለ። ምስባኩ ግን የሌላ ሰው ድምፅ ነው። ከመዝሙር 16 የተወሰደው ቃል ስለ ሌሊት ይናገራል፤ ሌሊት የሚጎበኘውና ልብን የሚፈትነው ግን እግዚአብሔር ነው። በወንጌሉ ሰው በሌሊት ወደ አምላክ ሲሄድ እናያለን፤ በምስባኩ አምላክ በሌሊት ወደ ሰው ይመጣል። ግጻዌው ምንም ሳያብራራ ሁለቱን አንድ ላይ አኖራቸው። እንግዲህ ኒቆዲሞስ በዚያች ሌሊት ማንን ፈልጎ ሄደ፣ ማንስ አስቀድሞ ፈልጎት ነበር? ሦስት መስመር ምስባክ የወንጌሉን አቅጣጫ ገለበጠችው። ምስባኩን የዜማ ማረፊያ አድርጎ የሚያልፍ ሰባኪ ይህን ሁሉ ጥሎ ያልፋል። ለዝግጅት ደግሞ ሦስቱ መስመሮች አይበቁም፤ መዝሙሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፍ። በዘወረደ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 25 ሲነበብ፣ አገረ ገዥው ፊስጦስ ስለ እስረኛው ጳውሎስ ለንጉሥ አግሪጳ ያወራል፤ በማግስቱ አግሪጳና በርኒቄ በብዙ ግርማ፣ በሻለቆችና በከተማው ታላላቆች ታጅበው ወደ አዳራሹ ይገባሉ። ከሰማይ ስለ ወረደው አምላክ በሚነገርበት ዕለት ይህ የቤተ መንግሥት ትዕይንት ምን ያደርጋል? በዚያው ዕለት የሚነበበው ያዕቆብ እግዚአብሔር ትዕቢተኞችን እንደሚቃወም ይናገራል፤ መልሱ ከዚያ ይጀምራል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ምኩራብ ነው። ጾሙ ሦስተኛ ሳምንት ገብቶ፣ ሕዝቡ ከጥሉላት ርቆ ሳለ፣ ከቆላስይስ ምዕራፍ 2 በመብልና በመጠጥ፣ በበዓልና በሰንበት ማንም አይፍረድባችሁ የሚለው ክፍል ይነበባል። ይህን በጾም መካከል ያስነበቡ አባቶች ጾምን ሊያቃልሉ እንዳልፈለጉ ግልጽ ነው። ወንጌሉ ጌታ ነጋዴዎችን ከመቅደስ ሲያስወጣ ያሳያል፤ ያዕቆብ ሥራ የሌለው እምነት የሞተ መሆኑን ያስተምራል። የጾመኛው ልብ ራሱ ወደ ገበያ ሊለወጥ እንደሚችል፣ ሰው የራሱን ጾም መዝኖ የጎረቤቱን እንደሚያቀልል የሚያውቅ ሰው ነው ይህን ያቀናበረ። ብዙ ሰባክያን በዚህ ዕለት ቆላስይስን አይነኩትም፤ ይፈሩታል መሰለኝ። የሚፈራ ንባብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልግ ንባብ ነው።

አሁን ክርክሩን እንስማ። የመጀመሪያው፣ ለእኔም ከባዱ፣ ይህ ነው፤ «እነዚህን ትስስሮች የፈጠርከው አንተ ነህ፤ ግጻዌውን ያዘጋጁት ሰዎች አላሰቡትም።» ከፊሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ዮሐንስ 5ንና የሐዋርያት ሥራ 3ን ያገናኘ ሰው አውቆ እንዳደረገው ማንም አይጠራጠርም፤ የምስባኩ ሌሊትና የኒቆዲሞስ ሌሊትም እንዲሁ። ስለ ገላትያ ግን ያን ያህል በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ስለዚህ መመዘኛ ያስፈልገናል፤ ትስስሩ የቆመው ንባቦቹ በግልጽ በሚሉት ላይ ከሆነና አንድ ተራ ምእመን ሲነገረው በራሱ መጽሐፍ ገልጦ ሊያየው ከቻለ ይበቃል። ሰባኪው ብቻ የሚያየው፣ በቁጥር ስሌትና በምስጢር ፍቺ የሚገኝ ከሆነ ይተወው። ከዚያ ባሻገር ግን ያቀናበረው ማንም ይሁን ማን፣ ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ክፍሎች በአንድ ዕለት አብራ ስትሰማ ትውልድ አልፏል። አብሮ መሰማት ራሱ ትርጉም ይሠራል።

ሁለተኛው ክርክር ከተሐድሶ ዘመን የመጣ ነው። ከተሐድሶው መሪዎች አንዱ ዝዊንግሊ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1519 በዙሪክ መስበክ ሲጀምር የተለመደውን የዕለት ንባብ ትቶ የማቴዎስን ወንጌል ከመጀመሪያው እየተከተለ አስተማረ። ምክንያቱ ቀላል አይደለም፤ የተቆራረጠ ንባብ መጽሐፉን ይቆራርጠዋል፤ ሕዝቡ ማቴዎስን ሳያውቅ የማቴዎስን ቁራጮች ያውቃል። ደግሞም ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ሳለ በማቴዎስ ወንጌል ላይ 90 ድርሳናት በተከታታይ ተናግሯል፤ እንግዲህ መንገዱ የመናፍቅ ነው ተብሎ የሚጣል አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ የእኛ ሊቃውንት ይህን ጥያቄ በሁለት ቦታ ከፍለው መልሰውታል። በጉባኤ ቤት መጽሐፉ ከአልፋ እስከ ዖሜጋ ይሄዳል፤ የሐዲስ መምህሩ ማቴዎስን ከምዕራፍ 1 ጀምሮ ንባቡንና አንድምታውን ሳይዘልል ያስኬዳል። በቤተ መቅደስ ደግሞ ግጻዌው በዓሉን ይዞ ይመርጣል። ግጻዌው የተዘጋጀው ጉባኤ ቤቱ አለ ብሎ ነው። ችግሩ የሚመጣው ጉባኤ ቤት ያልገባ ሰባኪ ከግጻዌው ቁራጩን ብቻ ሲይዝ ነው፤ መፍትሔውም ግጻዌውን መተው ሳይሆን የተቆረጠውን ክፍል ከፊቱና ከኋላው ምዕራፍ ጋር ማንበብ፣ አንድምታውንም ማየት ነው። አንድምታው ግን የሚከፈተው ሰባኪው አምስቱን ንባባት ለብቻው አንብቦ የራሱን ጥያቄ ከጻፈ በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ። መልሱን ቀድሞ ያየ ሰው ጥያቄውን አይፈልግም።

«መንፈስ ቅዱስ ያቀበለኝን እናገራለሁ፤ በሰንጠረዥ አልታሰርም» የሚሉም አሉ። እነዚህን ሰዎች ለአንድ ዓመት የተከታተለ አድማጭ የሚያስተውለው ነገር አለ፤ ግጻዌ የሌለው ሰባኪ የለም። ያልተጻፈ የራሱ ግጻዌ አለው፤ የሚወዳቸው ጥቂት ክፍሎች፣ የሚጠላቸው ጥቂት ኃጢአቶች፣ ሲጨንቀው የሚመለስባቸው ጥቂት ታሪኮች። ልዩነቱ የቤተ ክርስቲያን ግጻዌ እርሱ ራሱ የማይመርጠውን ክፍል ማስነበቡ ነው። የገብር ኄርን ሰንበት ተመልከቱ። ወንጌሉ የመክሊት ምሳሌ ነውና ሰባኪው ምእመናን ጸጋቸውን እንዳይቀብሩ ይመክራል፤ መልካም ነው። በዚያው ዕለት ግን ከ1ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 5 ይነበባል፤ ጴጥሮስም የሚናገረው ለምእመናን አይደለም፤ ለሽማግሌዎች፣ መንጋውን ለሚጠብቁት ነው፤ ለነውረኛ ረብ ብለው እንዳይጠብቁ፣ በሕዝቡ ላይ በኃይል እንዳይገዙ። መክሊት ቀባሪው ማን ሊሆን እንደሚችል በዐውደ ምሕረቱ ላይ ለቆመው ሰው በቀጥታ ይነግረዋል። ይህን ክፍል በራሱ ፈቃድ መርጦ በራሱ ላይ የሚሰብክ ሰው ጥቂት ነው። ናዝሬት ላይ ጌታ ራሱ በምኩራብ ሲቆም የኢሳይያስን መጽሐፍ ሰጡት፤ የሚያነብበውን ስፍራ አገኘ፤ መጽሐፉን ግን ተቀበለ። መቀበልና ማግኘት አብረው ይሄዳሉ።

ከዚህ የሚቀርበው ተቃውሞ ደግሞ የዘመኑ ችግር ነው። ጦርነት አለ፤ የኑሮ ውድነት አለ፤ ስደት አለ፤ ሰው ቤቱ እየነደደ የግጻዌ ተራ ይጠበቃል ወይ ይባላል። በሞትና በድንገተኛ መከራ ጊዜ የተለየ ቃል እንደሚያስፈልግ አልክድም፤ ፍትሐት የራሱ ንባብ ያለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን የተሰጠ ንባብ ከችግሩ ያርቃል የሚለውን አልቀበልም። በብዙ ጊዜ የሚያደርገው ሰባኪው ከወሬው ጋር እንዳይሮጥ ልጓም መሆን ነው። ደብረ ዘይትን ውሰዱ፤ ማቴዎስ 24 ስለ ጦርነትና የጦርነት ወሬ ይናገራል። ጦርነት ባለበት ዓመት ሰባኪው «ይኸው ደረሰ» ብሎ ቀኑን ሊቆጥር ይዳዳዋል፤ ሕዝቡም ይወድለታል። ያው ምዕራፍ ግን እንዳይደነግጡ፣ ፍጻሜው ገና እንደሆነ ይናገራል፤ ከ2ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 3 የሚነበበው ጌታ ማንም እንዳይጠፋ ስለሚታገሥ መዘግየቱን ያስረዳል፤ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 24 ጳውሎስ በፊልክስ ችሎት ፊት ቆሞ የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ በማድረግ ሕሊናው ነቀፋ የሌለበት እንዲሆን እንደሚተጋ ይመሰክራል። ሦስቱን ያነበበ ሰው ስለ ምጽአት የሚሰብከው ቀን በመቁጠር አይሆንም። ስለ ንጹሕ ሕሊናና ስለ ፍርድ ቤት እውነት ይናገራል፤ በጦርነት ዘመን ደግሞ ከዚህ የበለጠ ወቅታዊ ነገር ምን አለ?

የዓመቱ አቆጣጠር ራሱ የሚያመጣው ችግር አለ፤ ይህን በግጻዌ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 አይቀድምም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም፤ ትንሣኤም ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ይመላለሳል። የወር በዓላት ግን ከቀናቸው አይነቃነቁም። አባቶች መጋጨቱን አይተው መፍትሔ አበጅተዋል፤ መጋቢት 27 የሚውለው የመድኃኔ ዓለም ስቅለት ብዙ ጊዜ በጾም ውስጥ ስለሚገባ በጥቅምት 27 በድምቀት ይከበራል፤ የመጋቢት 29ኙ ብሥራትም ታኅሣሥ 22 ይታሰባል። ለእኛ የቀረው ሌላ ግጭት ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ ሲባል ድርሳኑና ተአምሩ ዐውደ ምሕረቱን ይሞላዋል፤ ወንጌሉ በቅዳሴ ተነብቦ እዚያው ይቀራል። በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ አጥቢያዎች ደግሞ በሥራ ቀን የዋለ ንግሥ ወደ ቅዳሜና እሑድ ስለሚዛወር የሰንበቱና የበዓሉ ንባብ በአንድ ቀን ይገናኛሉ፤ ሰባኪውም በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ሕዝብ ከፊቱ አለ። የትኛው ይነበብ የሚለውን የአጥቢያው አስተዳዳሪ ይወስናል። ስብከቱ ግን በዚያን ዕለት በእርግጥ የተነበበውን ይከተል፤ የቅዱሱም ተጋድሎ የወንጌሉ ማስረጃ ሆኖ ይምጣ። ቅዱሱን ያከበረው ወንጌሉ ነውና።

«በየዓመቱ ያንኑ?» የሚለው ቅሬታ ቀላል መልስ አለው። የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1969 የእሑድ ንባቧን በሦስት ዓመት ዙር አደረገችው፤ ብዙ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት የሚጠቀሙበት የ1992ቱ የጋራ የንባብ ሠንጠረዥም ያንኑ ዙር ተከትሎ ማቴዎስን፣ ማርቆስንና ሉቃስን ያፈራርቃል። ያ ብዙ ክፍል ያስነብባል፤ ጥቅሙን አልክድም። የእኛ የአንድ ዓመት ዙር ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ሕዝቡ መጻጉዕን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ሰባኪው ታሪኩን በመተረክ ጊዜ አይፈጅም። አምስት ንባብ ስላለ አምስት መግቢያ አለው፤ ዘንድሮ በገላትያ የገባ ሰው ከርሞ በያዕቆብ፣ በሌላው ዓመት በምስባኩ ይገባል። አንዱን ስብከት ለዓመታት የሚደጋግም ሰባኪ ካለ ጥፋቱ የግጻዌው አይደለም።

አንድ ጉድለት ግን አለ፤ ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። ከምስባኩ በቀር በተለመደው ቅዳሴ ብሉይ ኪዳን አይነበብም። በሰሞነ ሕማማት ግብረ ሕማማቱ ነቢያትን በየሰዓቱ ያሰማናል፤ ከልደት በፊት ያሉት የስብከት፣ የብርሃንና የኖላዊ ሰንበታትም ሐሳባቸው የነቢያት ተስፋ ነው። ከዚያ ውጭ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚያስቀድስ ምእመን የኤርምያስን፣ የሆሴዕን፣ የሩትን ድምፅ በቅዳሴ አይሰማም። ይህን ክፍተት መሙላት የሰባኪው ድርሻ ነው፤ የሐዲሱ ንባብ ራሱ ብሉይን ሲጠቅስ፣ ወይም ታሪኩን ሳያስታውስ የማይፈታ ሲሆን፣ ወደዚያ መጽሐፍ ሄዶ በረጅሙ ይተርክ። በምኩራብ ዕለት ስለ መቅደሱ መንጻት የሚሰብክ ሰው ኤርምያስ ምዕራፍ 7ን ካልከፈተ ጌታ በዚያ ምን እንደተናገረ ግማሹን ብቻ ነው የሚያስረዳው።

የቀረው የእናንተ የአድማጮች ድርሻ ነው። መጽሐፈ ግጻዌ ታትሞ በየንዋየ ቅድሳት መሸጫው ይገኛል፤ ለካህን ብቻ የተሰወረ አይደለም። ቅዳሜ ማታ አምስቱን ክፍሎች አንብቦ መምጣት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ልጆች ያንብቡላቸው። የእሑዱን ንባብ አስቀድሞ ያነበበ ሕዝብ ያለበት አጥቢያ ሰባኪው ሳይዘጋጅ ሊወጣበት ይቸግረዋል። ከጉባኤ በኋላ ቀርቦ «መምህር፣ ዛሬ የሐዋርያት ሥራው ለምን ያ ተነበበ?» ብሎ በትሕትና የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢገኝ፣ መምህሩም መልሱን ባያውቀው እንኳ የሚመጣውን ሳምንት ዝግጅት ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።